ልጄ «ቢዚ» የነበረችበት ዘመን

የልጅ ልጆቼ «አኮ፣ ከእንግሊዝኛ መጀመሪያ የለመድሽውን ቃል ንገሪን» አሉኝ። እኔን አያታቸውን በኦሮምኛ አኮ ነው የሚሉኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ እንዳልረገጥኩ እያወቁ ሊስቁብኝ ነው። እኔ የለመድኩት «ቢዚ»ን ነው፤ ያስተማረችኝም ዓረብ አገር የሄደችው የመጨረሻ ልጄ ናት።

ያን ጊዜ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ጥቂት ቀን ከሚሴ ትልቋ ልጄ ዘንድ፣ ጥቂት ቀን ጨፋ ሮቢት ወንዱ ዘንድ፤ ገበያ ሲሆን ደግሞ ሰንበቴ። ስልኬ ከመቀነቴ ስለማይለይ የትም ብሆን ዓረብ አገር ያለችው ልጄ ታገኘኛለች። መጀመሪያ ላይ ሰላምታችን ረጅም ነበር። «ነጋያ ነሽ? ሰላም ነሽ? ጤናሽ? እንቅልፍሽ?» ስላት እሷም ስለ ፍየሎቹ ሳይቀር ትጠይቀኛለች። ኋላ ግን ገና «ነጋያ» ከማለቴ «እማ፣ ቢዚ ነኝ» ብላ መዝጋት አመጣች።

ትልቋን ጠየቅኳት።

«ሥራ በዝቶባታል ማለት ነው» አለችኝ።

«እና ክፉ ነው?»

«ምን ክፉ አለው? እዚህ ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ስንቱ ነው!»

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ሐሙስ ለዱዓ ስንሰበሰብ እጄን ዘርግቼ «ልጄ ቢዚ ሆናለች፤ አላህ ቢዚነቷን ያብዛላት በሉልኝ» አልኩ። ሰዉ ሁሉ «አሚን!» አለ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቴ መቀለጃ አደረገችኝ። ሰላምታ ሳልጨርስ ካለፍኩ «አንቺ ሴትዮ፣ ዱዓው ላንቺ ደረሰ እንዴ? ቢዚ ሆንሽብን!» ትለኛለች። እስቃለሁ።

ሆዴ ግን አላመነም። ሥራ የበዛበት ሰው ይቸኩላል፤ የእሷ ድምፅ ቸኩሎ አያውቅም፣ ሰው እንዳይሰማት የፈራች ይመስል ዝቅ ያለ ነው። ከኋላዋ የሳህን ኳኳታ፣ የልጅ ለቅሶ ባዳምጥ ምንም የለም። አንድ ቀን ጨክኜ «አሁን ምን እየሠራሽ ነው፣ ልጄ?» አልኳት። «ቢዚ ነኝ አልኩሽ እኮ፣ እማ» ብላ ዘጋችው። እንዳላስከፋት ብዬ ደግሜ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚበላኝ ይኸው ነው። ዱዓውንም አልተውኩም፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያንኑ እለምን ነበር።

እውነቱን የነገረችኝ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አገሯ ገብታ፣ አግብታ፣ አራስ ቤት ሆና ሳርሳት ነው። ቢዚ ነኝ ትለኝ በነበረባቸው ወራት ሥራ የሚባል አልነበራትም። ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ፣ ከዘጠኝ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተደብቃ ነበር። ጎረቤት ሰምቶ እንዳይጠቁምባቸው፣ በአንዲት ስልክ በየተራ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር የሚደውሉት።