ጌጅ ጌጥ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ናትናኤል የመጀመሪያ መኪናውን ለማስዋብ ቡራዩ ድረስ ይዞኝ ሄደ። መኪናዋ ለእሱ አዲስ፣ ለቀረው ዓለም ግን አሮጌ ናት፤ ሆኖም ከገዛት ወዲህ በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ እሷን ስለሚያጥብ አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ የመኪና ዕቃ መሸጫ ደጃፍ ላይ ሁለት ወጣቶች ከዳሽቦርዱ ሥር ጭንቅላታቸውን ቀብረው ሽቦ ይቀጥላሉ፤ የሚቀልጠው እርሳስ ጢሱ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ልጄ ደግሞ እኔን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጦ በሪሞት የውስጡን መብራት ቀለም ይቀያይራል፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ። «ማዘር፣ እርስዎ ይምረጡለት፤ እኛስ ከጠዋት ጀምሮ ተጨቃጭቀን ደክሞናል» አለኝ አንደኛው ልጅ። በዚህ መሃል ቀዩ በራና መዳፌን፣ ነጠላዬን፣ የልጄን ጉንጭ ሁሉ ቀይ አለበሰው። «ቀዩን ተወው» አልኩ ሳላስበው፣ ድምፄ ከፍ ብሎ። ናትናኤል ዞሮ አየኝና «ለምን፣ እማዬ?» አለ። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም።

እኔ ያደግሁት ሱሉልታ ነው። ያኔ ሱሉልታ የሣር አገር ነበረች፤ ክረምቱ ሲወጣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ ውሃ እንደጠገበ ይተኛል፣ ጥቅምት ላይ የታጨደው ድርቆሽ ሽታ በየቤቱ ገብቶ ብርድ ልብሳችን ውስጥ ሳይቀር ያድራል፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ውርጩ የጓሮውን ጎመን ነጭ ያለብሰዋል። አገሩ ሁሉ ኦቦ ደበላ የሚላቸው አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በጎጃም መንገድ፣ የአባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ የፈጁ ሰው ስለነበሩ በመስኮት የምትወጣው ግራ እጃቸው ከቀኟ ይልቅ የጠቆረች ነበረች፤ ልጅ ሳለሁ አባቶች ሁሉ እጃቸው ሁለት ዓይነት ይመስለኝ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱ የእኔና የአባባ ብቻ ነበር። እሳቸው መንገድ ሲሆኑ ከጎረቤት አድራለሁ፤ ሲመለሱ ከበሩ ውጭ ጥሩምባቸውን አንዴ ይነፋሉ፣ እኔም ባዶ እግሬንም ብሆን እሮጣለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ጫንጮ አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩ ዓመት ትራንስፖርቱ አስመረረኝ። አንዳንድ ቀን ከወተት ጀሪካኖች መካከል ቆሜ እየሄድኩ ተማሪዎቼ «ቲቸር እርጎ ሸተቱ» ብለው የሚስቁብኝ ሆነ። ይህን ለአባባ ለሳቅ ያህል ባጫውታቸው እሳቸው አልሳቁም። አንድ ቀን ከሰበታ አንዲት አሮጌ ቮልስ አስጎትተው መጡ። አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመች፣ ቀለሟ የቱ እንደነበረ የማይለይ፣ ኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት መኪና ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ኦቦ ደበላ፣ ይቺ እኮ የዶሮ ቤት ናት» ሲላቸው «ዶሮዋን አስወጥቼ ልጄን አስገባለሁ» ይሉ ነበር። ያን ክረምት መንገድ በማይወጡበት ቀን ሁሉ ከሥሯ አይጠፉም ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የእሳቸው መፍቻ ከታች ይመልስለታል። እኔን መንዳት ያስተማሩኝም በእሷ ነው። ፍሪሲዮኑን በረገጥኩ ቁጥር «ቀስ፣ እንቁላል አለ ብለሽ አስቢ» ይሉኛል።

ሞተሯ ተነስቶ፣ ፍሬኗ ታይቶ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ የቀረው የውስጥ መብራቷና ጌጆቿ ነበሩ። ቮልስ እንደሚታወቀው ከፊቷ አንድ ክብ የፍጥነት መቁጠሪያ ብቻ ነው ያላት፤ አባባ ግን የሞተሩን ሙቀትና የዘይቱን ግፊት የሚያሳዩ ጌጆች ካልተጨመሩላት ጫንጮ አትሄጅባትም አሉ። «ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ከኋላሽ የሚቃጠለውን በምን ታውቂያለሽ?» ነበር ክርክራቸው። ስለዚህ አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰበታ ወደሚገኝ ማቴዎስ የሚባል የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ሄድን። ማቴዎስ ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ ሲሠራ የቆየ፣ በኋላ የራሱን ትንሽ ጋራዥ የከፈተ፣ ሽቦ ሲልጥ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር የሚያንጎራጉር የዋህ ሰው ነበር። አባባን ሲያይ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ደበላ!» አላቸው፤ ኦሮምኛው ከሰላምታ አያልፍም ነበርና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ቀጠለ።

እኔ የመረጥኩት አስቀድሞ በልቤ ነበር። ጥቁር ፊት ያላቸው ትንንሽ ጌጆች፣ ቀጭን መርፌ፣ ውስጣቸው ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት። አብራኝ በተማረች ልጅ ወንድም መኪና ውስጥ አይቼው፣ ዓለም ሁሉ እንደዚያ ደብዝዞና ቀልቶ ቢኖር ብዬ የተመኘሁት ነገር ነበር። አባባ ግን ከማቴዎስ ሳጥን ውስጥ ጠልቀው ያወጡት ከከባድ መኪና የተፈታ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት የሰፋ ነጭ ጌጅ ነው፤ ቁጥሮቹ ደማቅ ጥቁር፣ መርፌው እንደ ክብሪት እንጨት የወፈረ። «ይሄ ነው» አሉ። እኔ ልጅነት ስላለብኝ ልቅሶ ቀረሽ ተቃውሞ አነሳሁ፤ ሰው ምን ይለኛል፣ ሰዓት ሰቅላ ትሄዳለች ይሉኛል አልኩ። አባባ ሳቅ ብለው «ልጄ፣ ጌጅ ጌጥ አይደለም» አሉኝ፤ ቀጥለውም «በፊደል ካልሆነ ዝምድና የላቸውም» አሉ።

ማቴዎስ ሁለታችንንም ላለማስቀየም «ለምን ሁለቱንም አብርተን አናየውም?» አለና የጋራዡን በር በሸራ ጋርዶ አጨለመው። ጌጆቹን ከባትሪ አገናኘ። መጀመሪያ የእኔን ቀዩን አበራው፤ ለእኔ ልክ እንደ ፍም ሆኖ ታየኝና ልቤ በደስታ ዘለለ። አባባ አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ። ትንሽ ቆይተው «በል አብራው እንጂ፣ ማቴ» አሉ።

ማቴዎስ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ። «በርቷል፣ ኦቦ ደበላ» አለ በቀስታ።

አባባ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ጌጁ ወዳለበት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ተመለከቱ። «አዎ፣ አዎ፣ አየሁት። የእርሳሱ ጢስ ነው፤ የእናንተ ጢስ ዓይን ያጠፋል» አሉ። ማንም አልሳቀም። ማቴዎስ ነጩን ጌጅ አነሳና ከውስጡ ጠንካራ አረንጓዴ አምፖል ከትቶ አበራው፤ አባባ ፊታቸው ወዲያው ፈካና «አዎ! እሱ!» አሉ፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። እኔም «እሱን ግጠምልኝ» አልኩት ማቴዎስን። ስለ ሰውም ስለ ሰዓትም ምንም አላነሳሁም።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ እነዳለሁ፣ አባባ ጎኔ ተቀምጠዋል። አዲስ አበባን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላውቅም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ከታች ተዘርግታ በምትታይበት ቦታ መኪናዋን ጥግ አስይዤ ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«አባባ፣ ከእንግዲህ አይንዱ።»

ነፋሱ ባሕር ዛፎቹን ያወዛውዛል፤ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ቮልሷን ይንጣታል። «መንገዱን አየዋለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «ጌጁን ነው የማላየው። የአባይን በረሃ ደግሞ እጄ ያውቀዋል። እያንዳንዷን ኩርባ እጄ ያውቃታል።»

«እጅዎ ኩርባውን ያውቀዋል፣ አባባ። ከኩርባው ወዲያ የሚመጣውን ሰው ግን አያውቀውም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ጠርዙን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሲጨንቃቸው ኦሮምኛው ይቀድማል። «እኔ ሾፌር ካልሆንኩ ምንድን ነኝ?» ሞተሩን አስነስቼ ቁልቁለቱን ወረድኩ። በማግስቱ የጭነት መኪናውን ቁልፍ ራሳቸው ለባለቤቱ ወስደው ሰጡ፤ አብሬያቸው ልሂድ ብላቸው እምቢ አሉ።

የወሰድኳቸው የዓይን ሐኪም ከዓይናቸው ኋላ ያለው ነርቭ ነው የተጎዳው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ለማቆየት እንሞክር አለን። በየቀኑ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሰጠን። ከዚያ ወዲህ አባባ በየማለዳው ካፖርታቸውን ለብሰው ከእኔ ቀድመው ቮልሷ ውስጥ ይገባሉ። እኔ እስካስተምር ጫንጮ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ከጎጃም ከሚመጡ ሾፌሮች ጋር ሲጨዋወቱ ይውሉና አብረን እንመለሳለን። በጉሙ ውስጥ መብራቱን ስለማበራ ነጩ ጌጅ በአረንጓዴው ብርሃን እንደ ትንሽ ጨረቃ ከፊታችን ይንሳፈፋል፤ እሳቸው ወደ እሱ ጎንበስ ብለው ያነባሉ። «ነጋ ዳ፤ ሰላም ናት» ይሉኛል። ዳገት ላይ ስንሆን «ሞቅ አላት፤ ማርሽ ቀንሺ» ይላሉ። እኔም እንደ ታዛዥ ተማሪ እቀንሳለሁ። ሥራ ነበራቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ መንገድ ያልነገሩኝን ሁሉ የነገሩኝ በእነዚያ ጠዋቶች ነው፤ ስለ እናቴም እንዲሁ፤ በረሃው ውስጥ መኪና ተበላሽቶባቸው ያደሩበት መንደር ውስጥ እንዳገኟት፣ ውሃ ስትሰጣቸው ጣሳውን ያስረከበችበትን አኳኋን ሳይቀር።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ የጌጁ ሽቦ ተነቅሎ ኖሮ መብራቱም ጠፋ፣ መርፌውም ወድቆ ከታች ተኛ። ለአባባ ልነግራቸው አፌን ስከፍት እሳቸው እንደ ልማዳቸው ጎንበስ አሉና በሙሉ ልብ «መሃል ላይ ናት። ነጋ ዳ» አሉኝ። ዓይኔን ከመንገዱ ላይ ሳላነሳ «ተመስገን» አልኳቸው። ሽቦውን ያስቀጠልኩት በሌላ ቀን ነው፤ እሳቸው ልዩነቱን አላወቁም።

ይህን ሁሉ ለናትናኤል ስነግረው መብራቱን አጥፍቶ ሰማኝ። አያቱን አላወቃቸውም፤ ሳይወለድ ነው ያረፉት። የሱሉልታው ሜዳ አሁን አጥርና መጋዘን ሆኗል፤ ቤታችን የነበረበትን ለማግኘት እንኳ ሰው መጠየቅ አለብኝ። ቮልሷን ገና በደኅንነቷ የሰንዳፋ ሰው ገዛኝ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ኦሮምኛው ነው፤ በቤቴ ውስጥ የሚናገረው የአባባ ድምፅ ነበር፣ ድምፁ ሲሄድ ቃላቱም አንድ በአንድ እየለቀቁኝ ሄዱ፤ ልጄ ደግሞ ከሰላምታ በላይ አያውቅም። አንዳንዴ አንድ ቃል ፈልጌ አጣና የምጠይቀው ሰው እንደሌለኝ ትዝ ሲለኝ አባባ እንደገና የሞቱብኝ ያህል ይሆንብኛል።

ለናትናኤል ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ብርሃናቸው ጨርሶ የጠፋ ሰሞን አንድ ማለዳ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው ከበሩ ላይ ቆሙና «ዛሬ ብቻሽን ሂጂ፤ አሁን ሾፌር ነሽ» አሉኝ። ብለምናቸው እምቢ አሉ። ከግቢው ወጥቼ ወደ ጫንጮ ታጠፍኩና በመስታወት ወደ ኋላ አየኋቸው። እጃቸውን ከፍ አድርገው ይሰናበቱኛል፤ ፊታቸው ግን ወደ እኔ አልነበረም። በዚያው ሰዓት ሌላ ቮልስ በበራችን ፊት አልፎ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ አዲስ አበባ ይወርድ ነበርና ድምፁን የእኔ መስሏቸው ወደ እሱ ያወዛውዛሉ። ጥሩምባ ልነፋላቸው እጄን ሰደድኩ፤ መሳሳታቸውን ያውቃሉ ብዬ መለስኩት። የዚያኛው ቮልስ ነጂ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው ሰው፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ክንዱን ሙሉ አውጥቶ መለሰላቸው። አባባ አላዩትም፤ እጃቸውን ግን አላወረዱም።