ጋሼ አንጁሎን ማን አሳየኝ

ይህን ነገር ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልተነፍስ ኖርኩ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ሶዶ ውስጥ ጥቂት ነው፤ በጸሎት ቤት ተመስክሯል፣ በሠርግ ተወርቷል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ለማጽናኛ ተነግሯል። የሚያውቁት ግን እኔ የነገርኳቸውን ነው። እኔ የነገርኳቸው ደግሞ ውሸት ነው። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ ኃጢአትን ጆሮው ሥር የምናንሾካሹክለት የንስሐ አባት የለም። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ለዛሬ አንተ ሁንልኝ። ለመፍረድ አትቸኩል፤ ይደርስልሃል። ብትስቅም አልቀየምህም፤ እኔም ስጽፈው ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቄ አምልጦኛል።

ዘመኑ የኢሕአዴግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። ከገሱባ መጥቼ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቻለሁ። ስልክ እጠግናለሁ፣ ዲሽ እሰቅላለሁ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ የቤት ካሜራ መትከል ጀመርኩ። «ሐዋሳ ተቀምጠህ ሶዶ ያለውን ግቢህን በስልክህ ታየዋለህ» ስል ሰው ሁሉ በጥርጣሬ ያየኛል። ማርታ ግን አመነችኝ።

ማርታ ሐዋሳ በነርስነት ትሠራ ነበር። አባቷ ጋሼ አንጁሎ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እናቷ ካረፉ በኋላ ዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ግቢያቸው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። «ከእኔ ጋር ኑር» ብትላቸው «እንሰቱን ማን ያይልኛል?» ብለው እምቢ አሉ። በዚያ ሰሞን ሁለት በጎቻቸው ከጓሮ ተሰረቁ። ማርታ በማግስቱ ደወለችልኝ።

አራት ካሜራ ተከልኩ፤ አንዱን ወደ በሩ፣ አንዱን ወደ በረንዳው፣ ሁለቱን ወደ ጓሮ። ከባዱ ሥራ ግን ራውተሩ ነበር። ራውተር እንደ ዘበኛ ነው፤ ያልተነገረውን እንግዳ ከውጭ አያስገባም። ማርታ ከሐዋሳ እንድታይ «ይህን መግቢያ ክፈት፣ የመጣውን ወደ ካሜራው ምራው» ብሎ ማዘዝ ያስፈልጋል። ግማሽ ቀን ታገልኩት። ጋሼ አንጁሎ ቦዬ የሚባለውን ሥር ቀቅለው፣ ዳጣ ከሚባለው የቃሪያ ማባያ ጋር አቅርበውልኝ፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከአጠገቤ አልተነሡም። በመጨረሻ ስልኬ ጮኸ፤ ማርታ ናት።

«አባዬ፣ አየሁህ! እጅህን አንሣ እስቲ!»

ጋሼ ሁለቱንም እጃቸውን አነሡ። ከዚያ ካሜራው ሥር ገብተው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ልክ ተማሪ ስም ሲጠሩ እንደነበረው፣ «ማርታ አንጁሎ! ምሳ በልተሻል?» አሉ። ካሜራው ድምፅ እንደማያስተላልፍ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። እሷ በስልኬ ትስቃለች፣ እሳቸው ወደ ካሜራው ይጮኻሉ፣ እኔ መሐል ሆኜ አስተረጉማለሁ። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

እንግዲህ በደሉ እዚህ ይጀምራል። መስመሩን ለመፈተሽ በራሴ ስልክ ላይ ሁለተኛ መግቢያ ከፍቼ ነበር፤ ስሙን «ሙከራ» አልኩት። ሥራው ሲያልቅ ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁትም።

ለምን አላጠፋሁትም? በመጀመሪያው ሳምንት መስመሩ እንዳይቋረጥባቸው ልከታተል ብዬ ነው። ይህ እንኳ እውነት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መስመሩ ደህና ነበር። እኔም አየሁ። በሦስተኛውም አየሁ። ሱቄ ውስጥ የሚያወራኝ ሰው አልነበረም፤ እናቴም አባቴም ገሱባ ናቸው። ይህን ምክንያት አድርጌ አላቀርብም፤ ብቸኛ ሰው ሁሉ የሰው ግቢ አይሰልልም።

ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ አንጁሎ ከዕቃ ቤቱ ብቅ አሉ። ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ሰማያዊ ሳይክል እየገፉ ወጡ። የሱሪያቸውን ጫፍ ካልሲያቸው ውስጥ ከተው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሮ አጥብቀው፣ ብሎኬት ላይ ቆመው ወጡባት። ሦስት ሜትር ያህል ሄደው እንሰቱ ውስጥ ገቡ። ተነሡ፣ አፈሩን አራገፉ፣ ብቻቸውን ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ደግመው ወጡ።

በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ሳይክል እየተማሩ ነበር! ወጣት ሆነው ከቢጠና ወዲያ ማዶ ባሉ ትምህርት ቤቶች ሲያስተምሩ ያንን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ነው የሄዱት፤ ሳይክል ያለውን ሰው ሲያዩ ይቀኑ እንደነበር ኋላ አጫውተውኛል። ማርታ እንዳትከለክላቸው እሷ ሥራ የምትገባበትን ሰዓት ይጠብቃሉ። እሷ ካላየች ማንም የሚያያቸው አልመሰላቸውም።

እኔ አያለሁ። በየቀኑ አያለሁ። ግቢውን አንድ ዙር ሳይወድቁ የጨረሱ ቀን ሱቄ ውስጥ ብቻዬን «በርቱ ጋሼ!» ብዬ ስጮህ ስልክ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ደንግጦ ወጣ። ደስታዬ የእውነት ነበር። ግን የማን ደስታ ነበር? ሰው ብቻዬን ነኝ ብሎ የሳቀው ሳቅ የራሱ ንብረት አይደለም? በጎቹን የወሰደው ሌባ አንድ ቀን ነው የገባው። እኔ በየቀኑ ገባሁ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ከቤቱ ጀርባ ለአዲስ ሽንት ቤት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ ዝናብ ሥራውን ስላቋረጠው ሳይከደን ቀረ። አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ ስልኬን ከፈትኩ። ጭቃ ላይ የጎማ መስመር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የተጋደመች ሳይክል፣ የኋላ ጎማዋ ገና ይሽከረከራል። ጋሼ የሉም።

እጄን ሳልታጠብ ባጃጅ ያዝኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። በአጥር ዘለልኩ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ጋሼ ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘዋል። ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤቶች አጥሩን ጥሰው ገቡ፤ መሰላል አምጥተን አወጣናቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል። መጀመሪያ የተናገሩት «ለማርታ እንዳትነግሩ!» የሚል ነበር። ቀጥለው ግን ጎረቤቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ድምፄ እስኪዘጋ ስጣራ ማንም አልሰማኝም» አሉ። «አንተ ከመናኸሪያ እንዴት አወቅህ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «በስልኬ አየሁዎት» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል አይሞላም። ግን እንዲህ ብል ነገ ማን ቤቱን ከፍቶ ካሜራ ትከልልኝ ይለኛል? ማርታስ ምን ትለኛለች? ይህን ሁሉ ትንፋሽ ስስብ አሰብኩ። ትንፋሼን ስመልስ አፌ ሌላ ነገር ተናገረ።

«ጌታ አሳየኝ።»

ወይዘሮ አልማዝ የሚባሉ ጎረቤት «ታ ጎዳው!» ብለው በወላይትኛ ጌታቸውን እየጠሩ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሼ አንጁሎ የተሰበረ እግራቸውን ረስተው እጄን ሳሙ። የጭቃ እጃቸውን አሁንም መዳፌ ላይ አስታውሰዋለሁ። እኔ ዋሸሁ፤ የዋሸሁትም በጌታ ስም ነው።

ማርታ ከሐዋሳ ከመድረሷ በፊት «ሙከራ»ን አጠፋሁት። ንስሐ እንዳይመስልህ፤ ማስረጃ ማጥፋት ነበር። ስትመጣ ካሜራው የቀዳውን ከፍታ አይታ ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አጥሩን ስትዘል አየሁህ» አለችኝ። «የት ናቸው ብለህ አልፈለግህም። በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ሄድክ። እንዲህ የሚሄድ ያየ ሰው ብቻ ነው።» ልክ ነበረች። ያየ ሰው ነበርኩ።

እሑድ ለምስክርነት አቆሙኝ። «ዓይኔ ፊት መጣልኝ፤ ሳይክሏ ተጋድማ፣ ጎማዋ ሲሽከረከር አየሁ» አልኩ። አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ጠቅላላው ግን ሐሰት ነበር። ጉባኤው በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ሱቄ ስልክ ይዞ የሚመጣው ቀርቶ ጥያቄ ይዞ የሚመጣው በዛ። አህያው የጠፋበት መጣ። ትዳር የዘገየባት መጣች። «ምንም አላይም» ስል «ትሕትናው!» ይላሉ።

አንዲት እናት ግን ተበላ ከምትባለው ከተማ በሚኒባስ መጡ። ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ በእግር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አደረጉ። «እናቴ፣ እኔ ምንም አላየሁም» አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «የማይታየው ስለሞተ ነው?» አሉ። እኔ ምን ልበል? ያን ጊዜም እውነቱን መናገር እችል ነበር። «አለ! በሕይወት አለ!» አልኳቸው። ከወራት በኋላ ልጁ ጆሃንስበርግ ደርሶ ደወለ። እናትየዋ ዶሮ ተሸክመው፣ እየዘፈኑ ሱቄ ገቡ። ዶሮዋን በላሁ። ባይደውልስ ኖሮ?

ነገሩ ሁሉ ግን ወደ ደስታ መራኝ፤ ይህን ደብቄ ብጽፍ ሌላ ውሸት ይሆናል። ማርታ አባቷን ልታስታምም ፈቃድ ወስዳ ሶዶ ሰነበተች። እኔ «ራውተሩን ልይ» እያልኩ እመላለሳለሁ፤ ራውተሩ ምንም አልሆነም ነበር፣ እሷም ታውቃለች። የጋሼ እግር ሲድን የሳይክሏን ኮርቻ ይዤ አብሬያቸው እየሮጥኩ አስተማርኳቸው፤ ማርታ በረንዳ ላይ ቆማ አንዴ ትቆጣለች፣ አንዴ ታጨበጭባለች። በዓመቱ ተጋባን። የሠርጋችን ዕለት ጋሼ አንጁሎ በሙሉ ልብስና በክራቫት፣ በሰማያዊ ሳይክላቸው ከመኪናችን ፊት ፊት ቁልቁለቱን ወረዱት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ሙሽሮቹን ረስቶ ለእሳቸው እልል አለ።

በየዓመቱ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሥጋው ሲቀርብ ማርታ ትነሣና እግዚአብሔር በራእይ እንዴት እንዳገናኘን ትመሰክራለች። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሰው ሲያየኝ «እንዴት ያለ ትሑት ነው» ይላል።

ባለፈው ሰሞን ትንሿ ልጃችን ሶልያና ዓይኗን ጨፍና ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ምን ትሠራለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልገለጠችም። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ጌታ እንዲያሳየኝ እየጠበቅሁ ነው» አለች። «አንተን ያሳይሃል። ለእኔ ግን ምንም አይመጣም አባዬ። መጥፎ ልጅ ስለሆንኩ ነው?»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አቅፌ መጥፎ ልጅ አለመሆኗን ነገርኳትና ማርታ ወዳለችበት ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት።

ማርታ እስክጨርስ ሰማችኝ። «አንተ የዋሸኸው አንድ ቀን ነው» አለች በመጨረሻ። «እኔን ያዋሸኸኝ ግን ስንት ጊዜ ነው? በሰው ፊት ቆሜ ስመሰክር እየሰማኸኝ?» ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ለአባዬ ንገረው» አለች። ብዙ አልነበረም፤ ግን ልታናግረኝ ጀምራለች ማለት ነው።

ጋሼ አንጁሎ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። ወደ ጓሮው ዞር ብለው አዩ።

«ሁሉንም አየህ?»

«ሁሉንም፣ ጋሼ።»

«ከማርታ እናት ጋር ሳወራስ? ሳይክሉን ስነዳ ሁልጊዜ አዋራት ነበር።»

«አፍዎ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ካሜራው ድምፅ የለውም፤ አንድ ቃል አልሰማሁም።»

«ተመስገን» አሉ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። «እሱ የእኔና የእሷ ነው።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የፈራሁት ልቅሶ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው። እስኪበቃቸው ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው ግን እንደ አስተማሪ አዩኝ። «እኔ በሕይወት አለሁ፤ ይቅር ብዬሃለሁ። የተበላ ከተማዋን እናት ግን ምን ልትላት ነው?»

የሴትዮዋ ልጅ ከጆሃንስበርግ ተመልሶ በሚቀጥለው ሳምንት ይሞሸራል። እናትየዋ ደውለው «የአንተ ቦታ ከፊት ነው፤ አንተ ትባርክልኛለህ» ብለውኛል። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ፤ ማርታም ከጎኔ እቆማለሁ ብላለች። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ተበላ እወርዳለሁ። «እናቴ፣ ልጅዎ በሕይወት አለ ስልዎት አላውቅም ነበር» እላቸዋለሁ። ልጁ መመለሱን መሸሸጊያ አላደርገውም፤ የተመለሰው በእኔ ቃል አይደለም። ከሠርጉ ቢያስወጡኝ እወጣለሁ። ይቅር ካሉኝ ግን፣ ከፊት ሳይሆን ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ለልጃቸው እንደማንኛውም ሰው አጨበጭባለሁ።