ፍሬን የሠራው ከፊት ይቀመጥ

መካኒክ መኪናዬን ሠርቶ ቁልፉን ሲሰጠኝ ቁልፉን አልቀበልም። "መጀመሪያ ና ከፊት ተቀመጥ፣ አንድ ዙር እንሂድ" እለዋለሁ። አንዳንዱ እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ይገባል። አንዳንዱ ይስቃል፣ ይኮራል፣ ሥራ አለብኝ ይላል። ሥራ ያለበትን ደህና ዋል ብዬ ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም። ሰዎች ነገረኛ ይሉኛል። ነገረኛ ነኝ። ከሕፃንነቴም ቁጡ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ "አንቺ ሆስፒታል ተቀያይረሽ ነው እንጂ የእኛ ቤት ልጅ አይደለሽም" ይለኝ ነበር።

ሙስካት ቀድሞኝ የገባው እሱ ነው። አዛይባ አንድ የኦማን ቤተሰብ ዘንድ ሾፌር ነበር፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ እናትየውን ገበያ ይወስዳል። እኔ እዚያው ሰፈር በአንድ ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ተቀጠርኩ። መንጃ ፈቃድ እንዳወጣሁ፣ ወደ አገሯ ከምትመለስ ህንዳዊት ባልደረባዬ አንዲት ያረጀች ነጭ መኪና ገዛሁ። ስለ መኪና የማውቀው ቁልፍ ማዞርና ቤንዚን መቅዳት ብቻ ነበር።

ከዚያ ፍሬኗ መጮህ ጀመረ። በረገጥኩ ቁጥር ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ይወጣል። ወንድሜ አንድ ዙር ነድቷት መጣና "ሸራው አልቋል" አለኝ። ሸራ የሚባለው ጎማው ጋ ያለውን ብረት ግራና ቀኝ ጨምቆ የሚያቆመው ነገር መሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው። እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ሲያልቅ ከጀርባው ያለው ብረት ብቻውን ይቀራል፤ ያ ጩኸት ብረት ብረትን ሲፍቀው ነው። ዝም ብለሽ ከነዳሽ አንድ ቀን ጨርሶ አይቆምልሽም አለኝ።

ዋዲ ከቢር በጋራዥ የተሞላ ሰፈር ነው። የፓኪስታኒው አለ፣ የህንዱ አለ፣ የሶሪያዊው አለ። እኛ ሐበሾች ግን የምናውቀው አንዱን ብቻ ነበር፤ ፎርማኑ የአገራችን ልጅ ስለሆነ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ቤት የሚያፈላልግ፣ ክርስቲያን ሙስሊም ሳይል ከሁሉም ጋር የሚበላ ሰው ነበር። ከመካከላችን ግን ሥራውን አይቶ የመረጠው አንድም ሰው አልነበረም። በአማርኛ ያስረዳናል፣ አለቀ።

ወንድሜ አንድ ጥንቃቄ ነበረችው፤ ከአዲስ አበባ ይዟት የመጣት። እዚያ ሾፌር ዕቃ ካስለወጠ አሮጌውን ይዞ ተመልሶ ለባለቤቱ ያሳያል፤ ካላሳየ በላው ይባላል። ስለዚህ አሮጌው ዕቃ እጁ ሳይገባ ከጋራዥ አይወጣም። እዚህም መጀመሪያ ሰሞን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ብረት ሳሎን ድረስ ይዞ ሲገባ አሠሪው በሳቅ ፈርሶ "ኻላስ፣ በቃ፣ አምንሃለሁ" ብሎት ነበር። እሱ ግን ልማዱን አልተወም።

ጋሼ ደግሞ ይቺን ልማዳችንን ጠንቅቆ ያውቃታል። መኪናዬን ልንወስድ ስንሄድ አሮጌውን ሸራ በካርቶን አድርጎ ሳንጠይቀው አስረከበን። ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ጫፉ ተበልቷል። ወንድሜ ገለባብጦ አየውና "ታያለሽ፣ በምን ስትነጂ እንደነበር?" ብሎ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ወረወረው። "በማርያም፣ አዲስ ነው ያስገባሁልሽ እህቴ" አለኝ ጋሼ። እውነትም ጩኸቱ ጠፍቶ ነበር። ማርያም ተጠርታ፣ አሮጌው ዕቃ እጄ ገብቶ፣ ጩኸቱ ጠፍቶ፣ ከዚህ በላይ ምን እጠራጠር?

አንድ ዓርብ ጠዋት ሲዳብ ወደሚባለው የባሕር ጠረፍ ወርደን ከዓሣ አጥማጆቹ ትኩስ ዓሣ ልንገዛ ተነሳን። ከዋዲ ከቢር በኩል ተራራውን አቋርጦ የሚወርደው መንገድ ያሳጥራል፤ ቁልቁለቱ ግን ክፉ ነው። ወንድሜ ይነዳል፣ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ስለ አንዷ ሐኪም እያማሁለት ነው። አጋማሹ ላይ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ዞር ስል ወንድሜ እግሩን ያነሳል፣ ይረግጣል፣ ያነሳል፣ ይረግጣል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። መኪናዋ ትፈጥናለች እንጂ አትይዝም።

ማርሹን ቀነሰ፤ ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳበው፤ ከኋላ ጭስ ወጣ። ከፊታችን ኩርባው ላይ ሰዎች መረብ የጫነ ፒካፕ ቆሞባቸው ይገፋሉ። በእኔ በኩል ገደል ነው፣ በእሱ በኩል የተራራው ቋጥኝ። "ያዢ" ብቻ አለኝና መሪውን ወደ ራሱ በኩል ጠመዘዘው። ቋጥኙ በሩን ሰንጥቆ ገባ። መስታወቱ ፊቴ ላይ ፈሰሰ፣ ብረቱ እየተጨማደደ የግራ እግሩን ውጦት ቆመ። በሥራዬ ብዙ ስብራት አይቻለሁ። የገዛ ወንድሜ አጥንት ከሱሪው ቀድዶ ወጥቶ ሳይ ግን ነርስነቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ሻሼን አውልቄ ጭኑ ላይ እያሰርኩ የምሰድበው መኪናዋን ነበር።

ሆስፒታል ሕይወቱን አተረፉለት። ፖሊስ ግን ቁልቁለት ላይ በፍጥነት ነድቷል ብሎ ጥፋቱን እሱ ላይ ጣለው። አሠሪው ሊጠይቀው መጣ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ እንዲህ አለው፦ "ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ልጆቼን አልሰጥህም። ተሽሎህ አገርህ ትገባለህ።" ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከመንዳት ሌላ ሙያ የለውም፤ አባታችንም እናታችንም የሚኖሩት በእሱ ነው።

የተቀጠቀጠችውን መኪናዬን ፖሊስ ግቢ ውስጥ አገኘኋት፤ ዕቃዬን ላወጣ ነበር የሄድኩት። ከኋላ ያቺ ካርቶን አለች። የፊት ጎማዋ ተገንጥሎ ውስጧ ስለሚታይ፣ ከካርቶኑ አንዱን ሸራ አነሳሁና ከቦታው ገጠምኩት። አይገባም። በቁመትም በወርድም አይገባም፤ የሌላ ትልቅ መኪና ነው። ውስጥ ያለውን ሳየው ደግሞ ሸራው ከብረቱ ተላቆ ወድቋል፣ ብረቱ ላይ የቀረው ተቃጥሎ የጠቆረ ማጣበቂያ ነው። ጋሼ የራሳችንን አሮጌ ብረት ጠርጎ፣ ሸራ ለጥፎበት፣ ቀለም ቀብቶ መልሶ ገጥሞታል። ለወንድሜ ልማድ ደግሞ ከቆሻሻ ክምር የማንንም አንስቶ ሰጠን። እኛም አሮጌ ዕቃ እጃችን ገባ ብለን ደስ ብሎን ሄድን። ገጥመን አላየንም።

ከዚያችው መኪና የጎማ መፍቻውን ይዤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ጋራዡ ስደርስ ጋሼ ከመስታወት ኋላ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። መጀመሪያ መስታወቱን አወረድኩት። "ምን ሆነሻል እህቴ?" ብሎ ሲነሳ ትከሻውን አገኘሁት። "በማርያም፣ እኔ አዲስ ነው..." አለ። ያቺን ስም ሲጠራ ደገምኩት። ሠራተኞቹ ከኋላ ባይዙኝ ጭንቅላቱን እል ነበር፤ አልዋሽም። ሰው ጉልበት ሲያጣ ያለቅሳል፣ እኔ እየተሳደብኩ እጃቸውን ነከስኩ።

ፖሊስ አልጠራብኝም። ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ይልቅ ሽማግሌ ላከ።

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ቤት ፍራሽ ላይ ተኝቷል፣ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ሐጂ ነበሩ፤ ከወሎ መጥተው በሙስካት በጥበቃ ያረጁ፣ የሁላችን አባት። ከኋላቸው ጋሼ እንደ አገር ቤት ባህል ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ ገባ። በሩ ላይ ተንበረከከ።

"በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ አውርድ ይባላል" አሉ ሐጂ። "ፖሊስ ከሄዳችሁ ይባረራል። ልጆቹ እዚህ ይማራሉ። ለአላህ ብላችሁ።"

"የወንድሜስ እንጀራ?" አልኩ። "ይኼ ሰውዬ ሄዶ ጥፋቱ የእኔ ነው ካላለ፣ የሚባረረው ወንድሜ ነው።"

"እኔ አዲስ ነው ያስገባሁት" አለ ጋሼ ከነድንጋዩ። "እሱ ፈጥኖ ነድቶ አግሎት ነው።"

ተነሳሁ። ወንድሜ ቀሚሴን ይዞ አስቀመጠኝ። "ድንጋዩን አውርደው ጋሼ" አለው በለሰለሰ ድምፅ። "መኪናዋን አንተው ጋራዥ ውሰድና በእጅህ ሥራት። ከዚያ አብረን ዓሣ እንብላ፤ እዚያ ይቅር እልሃለሁ።" የታረቀ ሰው አብሮ ስለሚበላ ነገሩ ለሁሉም መልካም ሆኖ ታያቸው። ሐጂ መረቁት። እኔ ያን ቀን ወንድሜን ጠላሁት።

መኪናዋ ተጠግና መጣች፤ ቀለሟ ሁሉ አዲስ። የምነዳው እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ከነጀሶው ከኋላ እግሩን ዘርግቶ፣ ሐጂ ጥጉ ላይ ተጣብበው። ወንድሜ "ጋሼ፣ አንተ ከፊት ተቀመጥ፣ አክብረንሃል" አለው። ከዋዲ ከቢር ስንወጣ ወዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት።

"ሲዳብ። በተራራው በኩል።"

ያኔ ገባኝ። ጋሼም ገባው።

"በመጥራህ በኩል በባሕር ዳሩ ብንሄድ አይሻልም?" አለ። "አየሩም ጥሩ ነው።" ዳገቱን ጀመርኩት። "ዓሣ እኮ እዚህም ይገኛል" አለ። በሮቹን ቆለፍኩ። ቀጭ ሲል ሐጂ ቀና አሉ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲዳብና ባሕሩ ከታች ታዩ፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፋች። እኔም እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ። ለምን ብባል፣ አብሬው ብሞትም ደስ ይለኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ልቤ እንደዚያ ነበር።

"አቁሚ" አለ። "እህቴ፣ አቁሚ።" መኪናዋ መንሸራተት ጀመረች። "የኋላውን አልከፈትኩትም! አዲስ ያስገባሁት የፊቱን ብቻ ነው፣ የኋላው ያው የተለጠፈው ነው!" አለና በሁለት እጁ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ወደ ላይ መዘዘው። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች።

ሐጂ በአረብኛ ፈጣሪያቸውን ጠሩ። ወንድሜ ከኋላ ወደ ፊት ተንጠራራ። በሕይወቱ ሲቆጣ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ በቁጣ "ጋሼ" አለው፣ "ያን ቀን ይህ እጅህ የት ነበር?"

ጋሼ የእጅ ፍሬኑን እንደጨበጠ ነው። እንባው ይወርዳል።

"አዙሪ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ" አሉኝ ሐጂ። "እኔው አጠገቡ እቆማለሁ።" ለማዞር ግን የእጅ ፍሬኑ መለቀቅ አለበት፤ ጋሼ እጁን ማላቀቅ አቃተው። ሐጂ ከኋላ ተንጠራርተው ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቁለት።

ጋሼ ለፖሊሶቹ ነገራቸው፤ የሰጠንንም፣ የለጠፈውንም፣ ሁሉንም። ወንድሜ ጀሶው ከወለቀ በኋላ ግራ እግሩ አልታጠፍ ብሎት ቀረ፤ አሠሪው ግን በቀኝ እግር ብቻ የሚነዳ አውቶማቲክ መኪና ሰጥቶ ልጆቹን መለሰለት። ጋሼ ወደ አገሩ ተላከ። ሊወስዱት ሲሉ ወንድሜ በክራንቹ ተደግፎ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀውና፣ ቃሉ ነውና፣ ይቅር አለው፤ አቀፈውም። ጋሼ ከእሱ ትከሻ በላይ እኔን አየኝ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። መስታወቱን ዘጋሁበት።