ሚኪን እስከ ዛሬ የምታመልጠው እስክርቢቶ

ይህ የሆነው አምና ክረምት ነው። ሰው ክፉ ነገር ቢረሳ ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔ ግን ይሄን መርሳት አልፈልግም። ባስታወስኩት ቁጥር ይጣፍጠኛል።

ቤቴል ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሹሩባ እሠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የጎረቤት ልጆችን ፀጉር እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ፊት ለፊቴ ሚኪ የሚባል ጎረምሳ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። ገበያ ሲጠፋ እስክርቢቶ በጣቶቹ መካከል ያሾራል። እውነቱን ልናገር፣ ያምርበታል።

አንድ ቀን ዝናብ አባሮት እኔ ጋ ተጠለለና ደንበኞቼ ፊት ማሾር ጀመረ።

«ይሄ ምን ይባላል?» አልኩት።

«ኮምቦ ነው ማዘር። አንዱን ስልት ከሌላው ማያያዝ። የእያንዳንዱን ስም ብነግርሽ ምላስሽ ይታሰራል።»

«እስቲ አምጣት።» ጣቴን አምናለሁ እኮ። እስክርቢቶዋ ግን በርራ የሂና ሳህን ውስጥ ገባች፤ የደንበኛዬ ነጠላ ዥጉርጉር ሆነ። ሚኪ ለካ እየቀረጸ ኖሯል። ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

ሳቁን እንኳ እችለው ነበር። ግን ልጃቸውን ለሠርጓ ልሠራላቸው የተስማማን አንዲት እናት ደወሉ። «እጅሽ ይንቀጠቀጣል ሲሉ ሰማሁ ልጄ፣ ሌላ ሰው ይዘናል» አሉኝ። እጄ እንጀራዬ ነው።

«አጥፋው» ብዬ ለመንኩት።

«ማስታወቂያ ሠራሁልሽ እኮ ማዘር» አለኝ።

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የሚያውቁኝ ሳልጨቃጨቅ ስሄድ ይፈራሉ።

ደንበኛ በሌለ ሰዓት ቪዲዮ እያየሁ እስክርቢቶ ማሾር መለማመድ ያዝኩ። መጀመሪያ ስሞቹ ግራ አጋቡኝ፤ ቻርጅ፣ ሶኒክ፣ ተምብ አራውንድ። ለጌጥ የወጡ መስለውኝ ነበር። ኋላ ገባኝ። ጣቶች ቁጥር አላቸው፤ ሌባ ጣት አንድ፣ ትንሿ ጣት አራት። ከስሙ ጋር የሚጠራው ቁጥር እስክርቢቶዋ ከየትኞቹ ጣቶች መካከል ተነስታ የት እንደምታርፍ ይናገራል። ኮምቦ ማለት ደግሞ አንዱ ካረፈበት ሌላው ሲነሳ ነው። በቃ፣ ሹሩባ በሉት። ካቆምሽበት ካልቀጠልሽ ይፈታል።

ሚኪንም በመስኮት አጠናሁት። እጁ ፈጣን ነው፤ ስሞቹን ግን በወሬ ነው የሚያውቃቸው።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ሱቁ በር ላይ ሰው ሰብስቦ፣ ስልኩን አቁሞ በቀጥታ ያስተላልፋል። «የፈለጋችሁትን ስም ጥሩ፣ እሠራዋለሁ» ይላል። የአየር ጤና ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ከቦታል።

«ሚኪዬ፣ እኔም ልጥራ?»

«ማዘር መጣች፣ ሂናችሁን ሰብስቡ።» ሳቁ።

«ተምብ አራውንድ፣ ከዚያ መሃል ላይ ምንም ሳታስገባ ሶኒክ፣ ከሦስትና ከአራት መካከል።»

«ይቺማ ቁርሴ ናት» አለ።

የመጀመሪያው፣ አውራ ጣትን የምትዞርበት፣ የሚያልቀው እዚያው አውራ ጣት ዘንድ ነው። ሁለተኛው የሚነሳው ወዲያ፣ ትንሿ ጣት ጋ። መሃል ላይ ማሻገሪያ ከሌለ አይያያዙም። ስሞቹ የገቡት ሰው ቢሆን «የት ላይ ነው የሚገናኙት?» ብሎ ያፋጥጠኝ ነበር። ሚኪ ለካሜራው ጠቀሰና አሾረ። ወደቀች። ደገመ፣ ወደቀች። ቀጥሎ በርራ አንድ የታክሲ ረዳት ደረት ላይ አረፈች።

«ወንድሜ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል እንዴ?» አለው ረዳቱ። እኔ አላዘዝኩትም፤ እግዜር ነው ያናገረው።

እስክርቢቶዋን አንስቼ የሚያያዙትን መርጬ፣ እዚያው ትንሿ ጣት ጋ የሚያርፈውን ቻርጅ ከሶኒክ ጋር ቀስ ብዬ አሾርኩ። እንደ እሱ ፈጣን አይደለሁም። ግን አልጣልኳትም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሚኪ አፍሮ ቪዲዮዬን አጠፋ። እጄን ያዩት ሲያወሩ ደንበኞቼም ተመለሱ። ዛሬ ማዘር መባሌ ቀርቶ «እትዬ ገነት» ሆኛለሁ። ሚኪ አልፎ አልፎ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኛል፤ «እትዬ፣ ያቺ ኮምቦ ምኗ ላይ ነው የምታመልጠኝ?»

«ልምምድ ነው የኔ ልጅ። ጣትህን አፍታታ።»

አንዳንዴ አንጀቴን ይበላኛል። ምሳ ስበላ እጠራዋለሁ፣ አብረን እንቆርሳለን። ግን ሁለቱ እንደማይያያዙ አልነግረውም። ይህን ካነበበ ያውቅ ይሆናል፤ ደግነቱ ሚኪ አያነብም። አሁንም በመስኮቴ ይታየኛል። እስክርቢቶዋ አውራ ጣቱን ዞረች። ወደቀች። ጎንበስ ብሎ አነሳት።

እኔም ጉንጉኔን ቀጠልኩ።