በጨጓራ ስም የተጠየቀ ይለፍ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ስለ ሥራዋ ስታጫውተኝ ዋለች። የምታጠናው የማህፀን ካንሰርን ነው። ሴሎችን እርስ በርስ አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ እሱ ሲጎድል ሴሎቹ ይላቀቁና ካንሰሩ ሳንባ ድረስ ይሄዳል አለችኝ። እሷ በደስታ ታወራለች፣ እኔ ንዴቴ ተቀሰቀሰ። አንድ የቆየ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

በደርግ ጊዜ መቱ ጤና ረዳት ሳለሁ የተከራየሁት እትዬ ዘነበች ግቢ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የወር አበባቸው ከቆመ ከስንት ዓመት በኋላ ደም ሲያዩ ጎረቤቶቻቸው «ልጅነትዎ ተመለሰ» እያሉ ቀለዱ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ለእኔ የነገሩኝ ክረምቱ ሲገባ ነው። የምሠራበት ሆስፒታል ሐኪም መርምሯቸው ካንሰር ነው፣ ሳይዛመት ቶሎ አዲስ አበባ ይሂዱ አለ።

ከከተማ ለመውጣት ደግሞ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልግ ነበር። የሐኪሙ ወረቀት እንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛውን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነኝ። እትዬ ዘነበች የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ሲጨንቃቸው ኦሮምኛ ይቀላቅላሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማህፀን ብለሽ አትጻፊብኝ። ቀበሌ የሚቀመጡት ጨርቅ የምሸጥላቸው ወንዶች ናቸው።»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ በሽተኛ ሁሉ ላይ የምጮኸው እኔ፣ አፈርኩና «የጨጓራ ሕመም» ብዬ ጻፍኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አንብቦ ወረቀቱን መለሰልን። «ለጨጓራማ አዲስ አበባ ምን ያስኬዳል? ተልባ ይጠጡ።»

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ዘነበች ነጠላዬን ሳቡት። ጭቃውን እየረገጥን ተመለስን። እውነቱን እንድጽፍ የፈቀዱልኝ መስከረም ከጠባ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የቀበሌው ኮሚቴ ሕመሙ እንዴት ተለወጠ ብሎ፣ እስኪጣራ አቆየን። ይለፉ ሲሰጠን ቡና እየተለቀመ ነበር። እትዬ ዘነበችም ሳል ጀምሯቸዋል።

የአዲስ አበባው ሐኪም የሳንባቸውን ራጅ አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «በክረምቱ ብታመጪያቸው ማህፀናቸውን አውጥተን እንገላግላቸው ነበር።»

ፋሲካን አልደረሱም። ሊቀመንበሩን ስረግም ኖሬያለሁ፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ትናንት የእህቴ ልጅ ለገጠር ሴቶች የሚበተን ጽሑፍ በአማርኛ እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። ብዕሬን አነሳሁ። ከዚያ በትልልቁ፣ ከሁሉ በፊት፣ «ማህፀን» ብዬ ጻፍኩ።