እንቅልፌን እየጠበቀ የሚጮኸው ማንቂያ

ዛሬ እናቴን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከካራቫኔ ሮጬ ወጣሁ! የጋዝ ማንቂያው ጮኾብን ነው።

የምኖረው ጣርማ በር፣ የመንገድ ሥራው ካምፕ ውስጥ ነው። ጉንፋን ጣለኝ ብዬ ብደውልላት እማዬ ላስታምምህ ብላ ከጎረቤላ መጣች።

የማብሰያውን ጋዝ ሲሊንደር ዘጋሁ። ጋዙ የሚያልፍበትን ጎማ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩት፤ ምንም አያፈስም። ግን ሸለብ ባደረገኝ ቁጥር ይጮኻል። ኢንጂነር ተብዬው እኔ ግራ ገባኝ።

በሦስተኛው ጊዜ የተኛሁ መስዬ ጠበቅኩ። እማዬ ቀስ ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠችና እግሬን በአረቄ ማሸት ጀመረች። ለካ መሣሪያው አረቄም ሲሸተው ይጮኻል!

«እማዬ፣ ለምን ተደብቀሽ?»

«ነቅተህማ መች እሺ ትለኛለህ? ትልቅ ሰው ሆነሃላ!»

አሁን ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ ዓይኔን ገልጬ እግሬን ዘርግቼላታለሁ።

የእናንተስ እናት እንዳትነቁባት ተጠንቅቃ ምን አድርጋላችሁ ታውቃለች?