ኒውክለስ የሌላት ሴል

ስለ ሴል የተማርኩት ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ሆኜ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከፕላዝማ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይንጣጣል፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናየዋለን። ሲያበቃ መምህራችን ተነስቶ በቀረችው አምስት ደቂቃ በአማርኛ ያቃናልናል።

ያን ቀን ከየቤታችን ቀይ ሽንኩርት ይዘን መጥተን፣ ስሱን ልጣጭ በአንዲቷ ማይክሮስኮፕ ተራ በተራ አየን። የተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች፣ በየክፍሉ አንድ ነጥብ።

«ነጥቧ ኒውክለስ ናት፤ የሴሉ አዛዥ። በዙሪያዋ ያለው ፈሳሽ ሳይቶፕላዝም ነው። ሰውም ከሴል ነው የተሠራው» አለ መምህሩ።

ቀጥሎ ስለ ቀይ የደም ሴል ነገረን። ኒውክለስ የላትም። ስለዚህ ራሷን መጠገን አትችልም፤ አራት ወር ያህል ኖራ ትሞታለች። የአጥንት መቅኔ ግን ሌላ እየሠራ ይተካታል። በቀይ እስክሪብቶ ሥዬ ከሥሯ ጻፍኩት። ደብተሬ ያምር ነበር፤ ክፍል ውስጥ የሚሳሳት ሰው ካለም ሳላርመው አልቀመጥም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አባቴን ከቡሬ ገጠር በእህል መኪና ጭነው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል አመጧቸው። ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ሐኪሙ ችኩል ነው፤ «ደም አልቆባቸዋል፣ ያለ ደም ቀዶ ጥገና አይሆንም፣ ከቤተሰብ ሁለት ሰው ደም ይስጥ» ብሎ ገባ።

የአባቴ ታላቅ ወንድምና ሁለት ጎረቤቶቻችን ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ አገልግል ይዤ ከኋላቸው ቆምኩ።

«በሬዎቼን ልሽጥለት፤ ሁለቱንም» አሉ አጎቴ። «ደም ግን ከወጣ ወጣ ነው፣ አይመለስም። እኔም ከወደቅሁ የሁለት ቤት ልጅ ማን ያርስለታል?»

ስስታም እንዳይመስሏችሁ። ከልባቸው ነው የተናገሩት፣ በሬዎቹንም ይሸጡ ነበር። አንዱ ጎረቤት ደም የሚመልሰው ማርና ቅቤ ነው አለ። ተስማሙና ወደ ቡሬ ሰው ላኩ።

አገልግሉ ከብዶኛል። ሽማግሌ ሲመክር ሴት ልጅ ጥልቅ አትልም፤ ካለች ትምህርት ዓይኗን አወጣው ይባላል። ይሁን፤ ግን አክስቴን ወደ ጎን ጠርቼ መንገር እችል ነበር። ያ አልመጣልኝም። ወይም መጥቶልኝ ተውኩት፤ እንጃ።

ማሩ በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። አባቴ ጠዋት አርፈዋል። ሴቶቹ «አልቅሺ እንጂ፣ ይች ልጅ ምን ነካት?» እያሉ ክንዴን ይይዙኛል። ምንም አልተሰማኝም። የሰው እጅ መሆኑን አያለሁ፣ ክንዱ ግን የእኔ አይመስለኝም። ከሳምንት በኋላ ፈተና ተቀመጥኩ። ስለ ቀይ የደም ሴል ጥያቄ መጣ፣ መለስኩት፣ ትክክል ነበርኩ።

ለአርባው ተዝካር አጎቴ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን አረዱ። እንግዳው ሲበተን መደቡ ላይ ደብተሬን ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ የማነበው ነገር አልነበረኝም፣ እንዲያው ሰው እንዳያናግረኝ ነው። አጎቴ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ለሐዘን የተላጩት ጸጉር ገና ብቅ ማለቱ ነው።

«ይሄ ቀይ ቀዩ ምንድን ነው?»

«የደም ሴል ነው፣ ጋሼ።»

«ምን ይላል ከሥሩ?»

ለመምህር እንደማነብ አነበብኩላቸው፤ ኒውክለስ የላትም፣ አራት ወር ትኖራለች፣ መቅኔ ሌላ ይተካል።

«ይተካል? ለሰው የሰጡትም?»

«አዎ ጋሼ። በወር፣ በሁለት ወር ይመለሳል።»

ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ።

«መቼ ነው የተማርሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። «አባባ ሳይታመሙ በፊት» አልኩ።

«እዚያ ነበርሽ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ከኋላዬ ቆመሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ምነው ልጄ» ብቻ አሉ። ደብተሩን ከድነው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና ብቻውን ለቀረው በሬ ድርቆሽ ሊሰጡ ወጡ።